ከስግድ በኋላ ይነገራት

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህንን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪዋን ጎረቤቴን ኦርናን ግን ስንት ዓመት አስረድቻት አልገባት አለ። «ዘቢደር፣ ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው፣ ለምን ትደብቃላችሁ?» ትለኛለች። እኔም «በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሞት እናንተ ጋ ይኑር» ብዬ ዝም አሰኛታለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ በማለዳ ተሰብስበው ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፣ አብረው ይገባሉ። የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ ይዘው ነው የሚመጡት። በዓል ከደረሰ በዓሉ ይለፍ ይባላል። የሚነገረው ሰው ከታመመ ደግሞ መጀመሪያ ይዳን ይባላል። የባሌ የአይቸው እናት ጎንደር ላይ ሲያርፉ እሱ እዚህ ሆስፒታል ልቡን ሊቀደድ ተኝቶ ነበር። አገር ምድሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ድኖ ቤቱ ገብቶ ሾርባውን እስኪጠጣ ድረስ ትንፍሽ ያለ የለም። ሲነገረው አለቀሰ፣ አለቀሰና «ደግ አደረጋችሁ» አለን። እንዲህ ነው ያደግነው።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ሰው ሳማ ዝም ብላ የምትለፈልፍ አሮጊት ነች እንዳትሉኝ ነው። ማማቱን ግን አማለሁ።

አይቸው ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው። ከመሞቱ በፊት ኦሸሪት የምትባል የእኛው ልጅ ካሜራ ተሸክማ ቤታችን መጣች። እዚሁ አገር የተወለደች፣ አማርኛዋ እንደ አሮጌ መኪና እየተንገጫገጨ የሚሄድ፣ ልቧ ግን ወርቅ የሆነ ልጅ ነች። በየከተማው ሽማግሌና አሮጊት እየፈለገች፣ የሚያውቁትን እያስነገረች፣ ኢንተርኔት ላይ በራሷ አታር ታስቀምጠዋለች። አታር እኛ እዚህ ድረ ገጽን የምንጠራበት ነው። በነጻ ነው፣ ማንም ከፍቶ ይሰማል። አይቸው ከአገር ስንወጣ በእግር ስላቋረጥነው የሱዳን መንገድ ይነግረኛል ብላ ነበር የመጣችው። እሱ ሆዬ «የሱዳኑን ሁሉም አውርቶታል፣ እኔ ስለ እንጨት ልንገርሽ» ብሎ ጀመረላት። ሞፈር ከምን ይጠረባል፣ ቀንበር ለምን ከዋንዛ ይሠራል፣ እርፍ ለእጅ የሚስማማው ከየትኛው ዛፍ ነው፣ መቼ የተቆረጠ እንጨት አይነቅዝም። እዚሁ ከተማችን ሀደራ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አርጅቶ፣ እዚህ አገር አንድ ቀን ሞፈር ሳይጨብጥ!

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ለእንጨቱ ግድ የለኝም። የኔ ነገር ያለው መሀሉ ላይ ነው። ስለ ወይራ እያወራ ጉሮሮው ይደርቅና ወደ ማድ ቤት ዞሮ «ዘቢዬ፣ ውሃ አታመጭልኝም?» ይላል። ከማድ ቤት የኔ ድምፅ «መጣሁ!» ይላል። ያኔ እሱ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህች ሴት ባትኖር እኔ ሱዳን ላይ ቀርቼ ነበር» ይላታል። ለኔ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ከአፉ የሰማሁት ምስጋና «ወጡ ጨው አንሶታል፣ ግን ይበላል» የሚል ነው። ይህንን የሰማሁት ከሞተ በኋላ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ልጄ ዮአቭ ከፍቶልኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንባዬ ቆመ። አይቸው የሄደ መስሎ አልታየኝም፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ማንበብ አልችልም። ዮአቭ ታብሌት ገዝቶ የአባቱን ፎቶ አስቀመጠልኝ፤ ፎቶውን በጣቴ ስነካው ይከፈታል። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ እከፍተዋለሁ። «ውሃ አታመጭልኝም?» ሲል እኔም ከቀድሞው ድምፄ ጋር አብሬ «መጣሁ!» እላለሁ። አንድ ቀን ኦርና በግድግዳው ሰምታ «ቤትሽ ማን አለ?» አለችኝ። «ባሌ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አሁን ወደ መዋጮው ልምጣ። ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈራችን የጡረተኞች ክበብ አለን፣ ሰብሳቢያችን ወልደ ማርያም ነው። ጎንደር ላይ ዓመታት ሲጠባበቅ ኖሮ ከእኛ በጣም ዘግይቶ የገባ፣ የክርስቲያን ስምህን ቀይር ሲሉት «አባቴ ያወጣልኝ ስም ምን አደረጋችሁ?» ብሎ እምቢ ያለ ሰው ነው። እኩዮች ስለሆንን አንተና አንቺ ነን። አንድ ጊዜ ሐኪም በዕብራይስጥ የነገረውን በሽታ ሳይገባው ወጣና የልጅ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ካለ አንድ ትልቅ መዝገበ እውቀት ፈልጋ በአማርኛ አነበበችለት። «ስንት አስከፈሉሽ?» አላት። «በነጻ ነው ሳባ፣ ሰው በሚሰጠው ትሩማ ነው የሚኖረው» አለችው። ሳባ አያት፣ ትሩማ መዋጮ ማለት ነው። ወልደ ማርያም የሰው ቤት በልቶ ሳያመሰግን መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ ክበቡን ሰብስቦ «በየዓመቱ ለስግድ በዓላችን ከምናዋጣው ላይ እውቀት በነጻ ለሚሰጥ አንድ አታር እንስጥ» አለ። መጀመሪያ ሳቅንበት። ኋላ ግን ልጆቻችን ሌት ተቀን የሚያፈጡበት ነገር ውስጥ የእኛም እጅ ቢገባበት ምን አለበት ብለን ወደድነው።

በመጀመሪያው ዓመት ለማን ሰጠን መሰላችሁ? የአባቶቻችንን ጸሎት በድምፅ አቀርባለሁ ላለ፣ ሥዕሉ ላማረ አታር። ገንዘቡ ከገባለት በኋላ ጸሎቱም ሥዕሉም ድራሹ ጠፋ። የከፈተው ለካ የወልደ ማርያም የእህት ልጅ ኖሯል! ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። «እንግዲህ ሕግ ይውጣ!» አልኩ። «የሚቀበለው ሰው ገንዘቡን ምን እንዳደረገበት ያሳይ። ባለቤቱ ነገ ቢሞት ሥራው የማይሞት ይሁን። ዘመዱ ያለበት ሰው ደግሞ ምርጫ ላይ እጁን አያውጣ!» አጨበጨቡልኝ። ከሁላችን ትልቁ አባ ይርጋለም፣ በትግርኛና በአማርኛ ቀላቅለው «ይህች ልጅ ዳኛ መሆን ነበረባት» ብለው መረቁኝ። በስድሳ ምናምን ዓመቴ ልጅ መባሌም ጭምር ደስ አለኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እንግዲህ እንደኔ ላለችው ነው።

ዘንድሮ ለምርጫ ሦስት ቀረቡ። ኮሚቴው ሰባት ነን፤ ትልቁን ስክሪን የሚከፍትልን አቪቻይ ነው፣ የሒሳብ ሰው፣ የልጄ እኩያ። መጀመሪያ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት በአማርኛ የሚጽፍ አታር ከፈተልን። ጥሩ ነገር ነበረው። አባ ይርጋለም «ማነው የጻፈው? ሐኪም ነው?» ብለው ጠየቁ። አቪቻይ ወረደ፣ ወጣ፣ ፈለገ፣ የጸሐፊ ስም አጣ። «ማን እንደቀመመው የማላውቀውን መድኃኒት እኔ አልውጥም» አሉ አባ ይርጋለም። እሱ በዚያው ወደቀ።

ቀጥሎ ያ የወልደ ማርያም መዝገበ እውቀት መጣ። ገና ሲከፈት እባካችሁ ስጡን የሚል ትልቅ ጽሑፍ ስክሪኑን ሸፈነው።

«ሳንገባ በር ላይ ለመነን እኮ!» አሉ አባ ይርጋለም።

«መለመን ምን ነውር አለው? ሰርቆ ቢበላ ይሻል ነበር?» አለ ወልደ ማርያም፣ የእናቱን ስም እንደነኩበት ተቆጥቶ።

«ለማኙ ጠግቦ ቢሆንስ? ይህ እኮ የዓለም ሰው ሁሉ የሚሰጠው ነው» አልኩ እኔ።

አቪቻይ ሒሳባቸውን አወጣ። ከየት እንደገባ፣ ለምን እንደወጣ፣ በግልጽ ተቀምጧል። የሚጽፉት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል፣ የተሳሳተውን አንዱ ለአንዱ ያርመዋል። «የአማርኛው ክፍል ገና ቀጭን ነው» አለ አቪቻይ፣ «ግን ነገ የሚወፍረው በእኛ ነው።» ደህና አድርጎ ተናገረ። ልክ አልነበረም ብል ውሸታም ነኝ።

ሦስተኛዋ ኦሸሪት ናት። ከቴል አቪቭ በባቡር ሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ወርዳ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዛ፣ ከሥራ በቀጥታ መጥታለች። ቀን ቀን አንድ ድርጅት ውስጥ ስልክ ትመልሳለች። የአሮጊቶቹንና የሽማግሌዎቹን ፊት በስክሪኑ ላይ ስታሳየን ሁላችንም ወንበራችንን አስጠጋን። ከነዚያ መሀል ስንቶቹ አሁን አፈር ሆነዋል። ከክበባችን ግን የተቀዳው አይቸው ብቻ ነበር፣ እሱ አፉን ሲከፍት መዝጊያ አልነበረውማ።

«ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ አባ ይርጋለም።

«ደመና ላይ ነው አባ» አለች ኦሸሪት። «ማለቴ... አንድ ኩባንያ አለ፣ እከፍለዋለሁ፣ እሱ ጋ ይቀመጣል።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አሉ እሳቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ስቄያለሁ።

አቪቻይ አልሳቀም። «ከአንቺ ጋር ማን ይሠራል?» አላት።

«ጓደኛዬ ነበረች፣ አግብታ ተወችው። አሁን እኔ ብቻ ነኝ።»

«ነገ ብትታመሚ ማን ይይዘዋል?»

ልጅቷ መዋሸት ትችል ነበር። ያክስቴ ልጅ፣ ወንድሜ፣ ማንም ልትል ትችል ነበር። «አላውቅም» አለች። «ከደመወዜ ነው የምከፍለው። ዘንድሮ የሚረዳኝ ካላገኘሁ እስከ መቼ እንደምቆይ በእውነት አላውቅም።»

«ስንት ሰው ይሰማዋል?»

«ብዙ አይደለም። ግን አንድ ሰው አለ፣ የአቶ አይቸውን በየቀኑ የሚከፍት። በየቀኑ፣ አንድ ቀን ሳይዘል። ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ፊቴ እንደ በርበሬ ሆነ። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ባሌን ነው የምሰማው፣ የሰው ባል አልሰማሁ!» ከዚያ አንዴ ከተነሣሁ ብዬ ቀጠልኩ። «አቪቻይ፣ በል ያ መዝገበ እውቀት ውስጥ ሞፈር የሚለውን ፈልግልኝ።» ፈለገ። ሁለት መስመር ወጣ። «ሁለት መስመር! አይቸው እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቶታል! ትልቁን ዓለም ይመግበዋል፣ ይህንን እኛ ካልሰጠነው ማን ይሰጠዋል? የእኛን ሰው ድምፅ ማን አምጡ ይላል?»

አቪቻይ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅ አክብሮ መለሰልኝ። «እማማ ዘቢደር፣ ሁለቱ መስመር ግን እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም ይኖራል። ይህኛው በአንዲት ልጅ ደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባለቤቱ ቢሞት ሥራው የማይሞት ይሁን ይላል ሕጉ። ሕጉን ያወጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ተቀመጥኩ። እጅ ሲወጣ ሦስት ለሦስት ሆነ፤ እኩል ከሆነ የሰብሳቢው ይመዝናል፣ ወልደ ማርያም ደግሞ ያንን ያሳከመውን መዝገበ እውቀት ሊክድ አይችልም። የኔ እጅ ቢወጣ ኖሮ ኦሸሪት ታልፍ ነበር። ዘመዱ ያለበት አያውጣ ያልኩት እኔው ነኝና እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘኋት። እሷ ናት የምታጽናናኝ። «አይዞዎት እማማ፣ ለጊዜው እኔ እከፍላለሁ፣ እንደምንም እይዘዋለሁ» አለችኝና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ያዝኳት፣ ግንባሯን ሳምኩና አመንኳት።

ከዚያ በኋላ ዮአቭ ለተጠባባቂ ጦር ተጠራ። ሱዳን ላይ የቀበርናቸውን ልጆች ሳልቆጥር ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። የደንብ ልብሱን ለብሶ ሊሰናበተኝ መጣና እኔም ሀደራ ምዕራብ ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ወደ ሃይፋ የሚሄደው ባቡር ሲመጣ አንገቱን ይዤ አለቅም ብዬ ሰው አሳቅኩበት። ምራቴ ከሕጻናቱ ጋር ብቻዋን ስለቀረች፣ ልረዳት አፉላ ከተማ እነሱ ቤት ሄድኩ። ታብሌቱን ሕጻናቱ ይሰብሩብኛል ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው የሄድኩት። ስልኬ ያቺ ቁልፍ ያላት አሮጌዋ ናት፣ ከመደወል በቀር ሌላ አታውቅም። የአይቸው ድምፅ ናፈቀኝ፤ ግን ቤቴ ስገባ አገኘዋለሁ ብዬ ቻልኩት።

ስግድን ከአፉላ ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጣሁ። ጾመን፣ ቄሶቹ የጸለዩትን ጸልየን፣ ለዮአቭ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ለመንኩለት። እዚያ የክበባችንን ሰዎች አገኘኋቸው። ወልደ ማርያም የተቀመጠበትን ወንበር ለቆ አስቀመጠኝ። አባ ይርጋለም ጋቢያቸውን አውልቀው «ብርድ እንዳይመታሽ» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። አቪቻይ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። ምነው ዛሬ እንዲህ ተሻሙብኝ ብዬ ደስ አለኝ። ዓይኔን ደፍሮ ያየኝ ግን አልነበረም። ሰው መርዶ ሊነግርህ ሲል እንዲህ እንደሚንከባከብህ እኔ ነበርኩ ማወቅ የሚገባኝ፤ ጾሙ አደንዝዞኝ ነው መሰለኝ አላወቅኩም። ማታ ሀደራ ገብቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

በማለዳ በር ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። አባ ይርጋለም ነጭ ለብሰው፣ ወልደ ማርያም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አቪቻይ ከኋላ። ሦስት ወንዶች በማለዳ፣ አንዱ አንዱን አያይም።

ዮአቭ!

በሩን በጀርባዬ ገፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አልከፍትም!» አልኩ። «ሂዱልኝ! አልሰማችሁም፣ አልከፍትም!» ካልከፈትኩ አልሞተም፣ እንዲህ ነበር የታየኝ። ያገር ጩኸት ጮህኩ። ኦርና በሯን ከፍታ በዕብራይስጥ ምን ሆናችሁ እያለች ከእነሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማሁ። ከዚያ አባ ይርጋለም አፋቸውን በሩ ላይ አስጠግተው «ዘቢደር፣ ልጄ፣ በኦሪት እምልልሻለሁ፣ ዮአቭ ደህና ነው። ልጅሽ ደህና ነው፣ ክፈቺ» አሉኝ።

ከፈትኩ። አንድ በአንድ ሳምኳቸው። ወልደ ማርያምን ደረቱን በቡጢ ደቃሁት፤ «ገደልከኝ እኮ አንተ ሽማግሌ! ሰው እንዲህ ይደረጋል?» ኦርናንም ሳምኳት፣ እሷ ምኑም አልገባትም፣ ራሷን ነቅንቃ ቤቷ ገባች። እነሱ ግን አልሳቁም። ገብተው ተቀመጡ፣ እኔንም አስቀመጡኝ።

«ታዲያ ማን ሞተ?» አልኩ።

ወልደ ማርያም ባርኔጣውን አዟዟረው። «የኦሸሪት አታር ተዘጋ» አለ። «ልጅቷን ከሥራ አሰናበቷት። መክፈል አቃታት።»

እኔ ሆዬ ሳቅኩ! ልጄ በሕይወት አለ፣ ምን የማያስቀኝ አለ? «ለኢንተርኔት መርዶ! ጉድ በል ሀደራ! ለዚህ ነው በማለዳ ነፍሴን ያወጣችሁት?» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እየሳቅኩ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ታብሌቱ ሞቷል፣ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካሁት፣ ቆይቶ በራ። የአይቸው ፎቶ እዚያው አለ። ነካሁት። ነጭ ሆነ፣ መሀሉ ላይ ጽሑፍ። «ምን ይላል?» አልኩት አቪቻይን። «የፈለጉት ገጽ አልተገኘም ይላል» አለኝ። ደግሜ ነካሁት። ደግሜ ነካሁት። ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

«መቼ ነው የተዘጋው?»

«ከስግድ በፊት።»

«እናንተ መቼ ሰማችሁ?»

አባ ይርጋለም ወልደ ማርያምን አዩት፣ እሱም መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ሳይዘጋ ገና ኦሸሪት ስልኩ ላይ ጽፋለታለች። አንድ ቤተ መጻሕፍት ድምፆቹን ተቀብሎ ሊያስቀምጥ ተስማምቷል፣ ግን ቤተሰቡ የፈቀደውን ብቻ ነው የሚወስደው። የአይቸውን እንዲፈቅዱ ለወይዘሮ ዘቢደር ንገሯቸው፣ ለራሳቸውም ቅጂ እሰጣቸዋለሁ፣ ስልካቸው የለኝም፣ ያለኝ የሟቹ ነው፣ አይሠራም ብላ። እሱም «በሴደር፣ እሺ፣ እንነግራታለን» ብሎ መለሰላት።

«እና?»

«እና ተመካከርን» አለ ወልደ ማርያም። «ልጅሽ ጦር ላይ ነው። አንቺ አፉላ የልጅሽን ሕጻናት ይዘሻል። ስግድ ደርሷል፣ ጾም አለ። አታሩ ሊዘጋ ነው ብሎ በስልክ እንዴት ይነገራታል? እንዴት ሆና ትጾማለች? ከስግድ በኋላ አብረን ሄደን ይነገራት ተባባልን።»

«ወልደ ማርያም» አልኩት፣ ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ፣ «የታመመ ይጠየቃል እንጂ መርዶ ይጠበቅለታል? ገና አልሞተም ነበር እኮ! በሕይወት ነበር! አንድ እሺ ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ከአፌ አንድ እሺ!»

አቪቻይ ለኦሸሪት ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ ድምፄን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። «ጠበቅኩዎት እማማ። እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቅኩዎት። አልፈለጉም ብዬ አሰብኩ፣ ምናልባት ያማቸዋል አልኩ።»

«አንቺ ጋ የለም? ኮምፒውተርሽ ውስጥ፣ ካሜራው ውስጥ፣ የትም?»

«ካሜራው የጓደኛዬ ነበር፣ ያን ጊዜ አጥፍተን በላዩ ሌላ ቀረጽንበት። ሁሉም እዚያ ብቻ ነበር። ኩባንያው ሰርዞታል እማማ፣ ለመንኳቸው፣ የለም አሉኝ።» ለቅሶዋ ሲበረታ አቪቻይ ስልኩን ዘጋው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኳቸው። «ተነሡ፣ ሂዱ።» አልተነሡም።

«ክፉ አስበን አይደለም፣ ዘቢደር» አለ ወልደ ማርያም። የዚያ ትልቅ ሰው እንባ ባርኔጣው ላይ ይንጠባጠባል።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ክፉ ብትሆኑ ኖሮ እረግማችሁ ነበር።»

ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። ሦስት ዓመት የቆመው እንባ አንድ ላይ መጣ። «አይቸውዬ! አይቸውዬ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ፣ እንደ ቀብሩ ቀን ሳይሆን እንደ አገራችን፣ ወገቤን ይዤ፣ ስሙን እየጠራሁ። ሁለተኛ ሞተብኝ። በመጀመሪያው ሞቱ ድምፁን ትቶልኝ ሄዶ ነበር፤ አሁን እሱንም ይዞት ሄደ። ወለሉ ላይ ልወድቅ ስል ሦስቱም ያዙኝ። የሚይዝ ክንድ ይዘው መጥተው ነበርና ደህና አድርገው ያዙኝ።

ቆይቶ በረድ ሲልልኝ ፊቴን ልታጠብ ማድ ቤት ገባሁ። በመስኮቱ የአውቶቡስ ፌርማታው ይታያል፣ ሰው ለሥራ ተሰልፏል። ከሳሎን አባ ይርጋለም ሲስሉ ሰማሁ፣ ሳሉ አልቆም አላቸው።

«ዘቢደር» አሉ ከሳሉ መሀል፣ «ውሃ አታመጭልኝም?»

«መጣሁ!» አልኩ።

ብርጭቆውን ቧንቧው ሥር ያዝኩና ቆሜ ጆሮዬን ወደ ሳሎን አዘነበልኩ። ከ«መጣሁ» ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ቀስ ተብሎ የሚባለውን፣ እየጠበቅኩ። ውሃው ሞልቶ በእጄ ላይ ፈሰሰ። ከሳሎን ማንም ምንም አላለም።